ስለ ሚልፎሊና ስለ ወዳጅነት፤ አንድ የጃፓን የልጆች ፊልም ሲመረመር

ለልጆች ተብሎ የተሠራን ፊልም በሂስ ሚዛን ላይ እናውጣው ስንል ፈገግ የሚሉ አንባብያን አይጠፉም። ይሁን እንጂ ለልጅ የሚነገረውን ተረት ሲመርጡና ሲያጣሩ የኖሩት አዋቂዎች ናቸው፤ ፊልምም ልጁን አንድ ሰዓት ያህል በጨለማ ውስጥ አስቀምጦ የሚያጫውተው ነገር ስለሆነ፣ ምን ብሎ እንደሚያጫውተው መጠየቅ የመምህርም የወላጅም ድርሻ ነው ብለን እናምናለን።

የምንመረምረው ሥራ «ኪራኪራ ፕሪኪዩር አላሞድ» ከተባለው የጃፓን የቴሌቪዥን ተከታታይ ትርኢት የወጣ ሲሆን፣ በጃፓን ሲኒማ ቤቶች መታየት የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኦክቶበር 28 ቀን 2017 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው። አዘጋጁ ዩታካ ፁቺዳ፣ የፊልሙን ጽሑፍ የደረሰው ኢሳኦ ሙራያማ፣ ያሠራው ድርጅት ቶኤይ አኒሜሽን ነው። በርእሱ ውስጥ «ፓሪት» የሚል ቃል አለ፤ ቃሉ በጃፓንኛ ስስ ነገር በጥርስ መካከል ቅርጭጭ ሲል የሚሰማውን ድምፅ የሚያመለክት ሲሆን፣ ታሪኩ የሚፈጸምባትን የፓሪስን ከተማ ስምም ያስታውሳል። የእኛ ባለቅኔዎች ኅብረ ቃል የሚሉት ዓይነት ጨዋታ መሆኑ ነው። ከዚህም አስከትሎ «የትዝታው ሚልፎይ» ይላል። ሚልፎይ ማለት በኬክ ቤቶቻችን ከጣልያኖች በወረስነው ስም «ሚልፎሊ» ብለን የምናዝዘው፣ ትርጓሜውም «ሺህ ቅጠል» የሆነው ጣፋጭ ነው።

ምትሃት ስላላት ልጃገረድ የሚተርክ የሥዕል ፊልም በጃፓን አዲስ ነገር አይደለም። ይኸው ድርጅት የጠንቋይቱን የሳሊን ታሪክ በቴሌቪዥን ያሳየው በ1966 ነበር። በ2004 የተጀመረው «ፕሪኪዩር» ደግሞ ልጃገረዶቹን በቡጢና በእርግጫ የሚዋጉ አድርጎ አቀረባቸው። የ2017ቱ ትርኢት ግን ቡጢውን ትቶ ጀግኖቹን በክሬም እንዲከላከሉ አደረገ። ነገሩ ቀልድ ቢመስልም ቀልድ ብቻ አይደለም፤ እጅ የሚሠራበትን ነገር ከመምቻነት ወደ መጋገሪያነት መመለስ ነውና።

የፊልሙ ዋና ሰው ሲየል የተባለችው ወጣት ኬክ ሠሪ ናት። ኢቺካና ሌሎቹ ጓደኞቿ አብረዋት ወደ ፓሪስ ይሄዳሉ፤ በዚያም የጣፋጭ ሠሪዎች ውድድር ይጠብቃታል። ነገር ግን ሙያዋን በተማረችበት ከተማ፣ ስመ ጥር ከሆነች በኋላ፣ እጇ አልታዘዝ ይላታል። በዚህ መካከል የቀድሞ መምህሯ ዣን ፒየር ዚልበርስታይን ብቅ ይላል። ይህ ሰው ጣፋጭ ከመሥራት በቀር በዓለም ላይ ሌላ ጉዳይ ያለ የማይመስለው ሊቅ ነው። ከጎኑም ኩክ የምትባል መንፈስ አለች፤ ወደር የሌለውን ጣፋጭ እንዲሠራ የምትገፋፋው እርሷ ናት።

እኛን የማረከን ይህ መምህር ነው። ደራሲው ክፉ ሰው ሊያደርገው ይችል ነበር፤ አላደረገውም። ዣን ፒየር ጨካኝ አይደለም፤ በአጠገቡ ሰው መኖሩን ዘንግቶ እንጂ። የካቡኪ ተዋናዩ ኦኖኤ ማትሱያም ድምፁን ሲሰጠው በእብደትና በትሕትና መካከል አቆመው። እንዲህ ያለውን ሰው ከልጆች ፊልም ውጭም እናውቀዋለን፤ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ሥራውን እንደ ታቦት የሚያከብር፣ ነገር ግን ሥራው ለማን እንደሚሠራ የረሳ ባለሙያ አለ። እንዲህ ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሌሎቹ የተሻለ ሠራተኛ ስለሆነ ለመውቀስ ያስቸግራል።

የሲየልም ችግር ከዚሁ የሚመነጭ መሆኑን የሚያስተውል የቴሌቪዥኑን ታሪክ የተከታተለ ተመልካች ነው። በዚያ ታሪክ ሲየል ከመንትያ ወንድሟ ከፒካሪዮ ጋር ሙያ ልትማር ፓሪስ ሄዳ ነበር። የእርሷ ሥራ ሲደነቅ እርሱ በቅናት ተቃጥሎ ከክፉዎች ወገን ተሰለፈ፤ እርሷ ግን በሙያዋ ተውጣ ስለነበር ሐዘኑን አላየችለትም። እንግዲህ መምህሩ የተማሪዋ መስታወት ነው፤ ጓደኞች ባታገኝ ኖሮ ልትሆን የምትችለው እርሱን ነበር። የፊልሙም እውነተኛ ጥያቄ እዚህ ላይ ይገኛል፤ ሰው ጥበቡን ሳያጎድል ወዳጅ ሊሆን ይችላልን?

በመልሱ ላይ ከደራሲው ጋር ሙሉ በሙሉ አንስማማም። በዚህ ትርኢት ዓለም ውስጥ ሰው በጣፋጩ ላይ የሚያኖረው ፍቅር «ኪራኪራሩ» የተባለ ብርሃን ሆኖ ይታያል፤ ጭንቅ በመጣ ጊዜም ይኸው ብርሃን ይፈታዋል። ሚልፎይ ግን ፍቅርን አይሰማም፤ የሚሰማው ቅዝቃዜን ነው። ሠሪው ቅቤውን በሊጥ ይጠቀልለዋል፤ ይዳምጠዋል፤ ሦስት እጥፍ ያጥፈዋል፤ ሊጡ እንዲላላ፣ ቅቤውም እንዳይቀልጥ በብርድ ያሳርፈዋል፤ ከዚያም እንደገና ይዳምጠዋል። ይህ ስድስት ጊዜ ቢደገም የቅቤው ንብርብር 729 ይደርሳል። በጋለ ምድጃ ውስጥ እርጥበቱ እንፋሎት ሆኖ ቅጠሎቹን ያነሣቸዋል፤ ቅቤው ደግሞ ቅጠል ከቅጠል እንዳይጣበቅ ይጠብቃል። ሠሪው ቸኩሎ ቅቤው ቀድሞ ከቀለጠ ሺሁ ቅጠል አንድ ወፍራም ቂጣ ሆኖ ይቀራል። ለስድስቱ ልጃገረዶች ወዳጅነት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከወዴት ይገኛል? አንዷ ዘፋኝ፣ አንዷ አንባቢ፣ አንዷ ኩሩ ናት፤ አንድ ላይ የቆሙትም አንዷ በሌላዋ ውስጥ ሳትቀልጥ ነው። ፊልሙ ይህን ምሳሌ በእጁ ይዞ ሳለ በእጥፋቱና በማሳረፉ ላይ ጥቂት ደቂቃ ቢጨምር ብለን ተመኘን። በዚህ ፈንታ ጊዜው በፍልሚያና ባለፈው ዓመት ጀግኖች እንግድነት ተጣቧል፤ እነርሱ ለምን እንደመጡ ልጆቹ ያውቁ ይሆናል፣ ታሪኩ ግን አላስፈለጉትም።

ስለ መብራቱም ሳንናገር አናልፍም። ከ2007 ጀምሮ የፕሪኪዩር ፊልም ለማየት ለሚገቡ ልጆች በር ላይ ትንሽ የእጅ መብራት ይታደል ነበር፤ ጀግኖቹ ሲደክሙ ልጆቹ መብራቱን እያወዛወዙ እንዲያበረቷቸው ይጠየቁ ነበር። ከመጫወቻ ንግድ ጋር የተዛመደ ብልሃት መሆኑን አንክድም፤ የትርኢቱ መጫወቻ ሻጭ ባንዳይ የተባለው ድርጅት ነውና። ቢሆንም አራት ዓመት የሆነው ልጅ «እርዳኝ» የሚል ቃል ሰምቶ እጁን ማንሣቱ ከንቱ ነገር አይደለም። ያሳሰበን ሌላ ነው። መብራት ማወዛወዝ አያደክም፤ ሊጥ መዳመጥ ግን ያደክማል። ልጁ ወዳጅነት የመጀመሪያውን ይመስላል ብሎ ከሲኒማ ቤት ቢወጣ ጥፋቱ የልጁ አይሆንም።

ይህን ስንል የቴሌቪዥኑን ታሪክ የመጀመሪያ ክፍል እያስታወስን ነው። በዚያ ክፍል ኢቺካ በውጭ አገር በሐኪምነት የምትሠራ እናቷ ትመጣለች ብላ ኬክ ልትጋግርላት ትነሣለች፤ እናትየዋ ግን መምጣት ሳትችል ትቀራለች። ልጅቱ ዱቄት የነካውን እጇን ይዛ በወጥ ቤት ውስጥ የምትቆምባት ያቺ ጊዜ አጭር ናት፤ ምትሃትም የለባትም። ዣን ፒየር እርሷን ቢያያት ኖሮ ምን ይላት ነበር እያልን ከፊልሙ ፍጻሜ በኋላ ብዙ ተከራከርን። ከመካከላችን አንዱ ስለ ሊጡ ብቻ ይጠይቃት ነበር አለ፤ ሌላው ደግሞ ለማን እንደሆነ ይጠይቃት ነበር ብሎ ተሟገተ።