ነፍስን የምትሰበስብ የባሕር ልጃገረድ

ለወጣቶች የተጻፈ ልብ ወለድ ታሪክ በተነሣ ጊዜ ብዙ ሊቃውንት «የልጆች ተረት ነው» ብለው ሳይከፍቱት ያልፋሉ። ከናይጄርያና ከዌልስ የሚወለዱት ናታሻ ቦወን የጻፉት፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2021 ዓ.ም. የታተመው «ስኪን ኦቭ ዘ ሲ» ማለት «የባሕር ቆዳ» የተባለው መጽሐፍ ግን በዚህ ሚዛን ተመዝኖ የሚጣል አይደለም። ላዩ የዓሣ ጅራት ያላት ልጃገረድ ታሪክ ነው፤ ውስጡ ግን ካህናት ዕለት ዕለት የሚገናኙት ጥያቄ ነው፤ ይኸውም መቃብር የሌለው፥ ስሙን ጠርቶ የሚጸልይለት ያላገኘ ሙት መጨረሻው ምንድር ነው? የሚል ነው።

የታሪኩ አካሄድ እንዲህ ነው። ዘመኑ ፖርቱጋሎች በምዕራብ አፍሪቃ ጠረፍ ሰውን እንደ ዕቃ መጫን የጀመሩበት 15ኛው መቶ ዓመት ነው። ሲሚዴሌ፥ በአጭሩ ሲሚ የምትባለው ልጅ፥ ቀድሞ ሰው የነበረች ስትሆን አሁን ከወገብዋ በላይ ሰው ከወገብዋ በታች ዓሣ ሆና ዬሞጃ የተባለችውን የዮሩባ ሕዝብ የውሃ አምላክ ታገለግላለች። እንደ እርስዋ ያሉት ሁሉ ማሚ ዋታ ይባላሉ። ሥራቸውም በባሕር የሞቱትን፥ ከባሪያ ነጋዴዎች መርከብ የተጣሉትን ሰዎች ነፍስ ተቀብለው በአንገታቸው ባለው ሰንፔር ማኖርና ወደ ፈጣሪያቸው በጸሎት መሸኘት ነው። ሕጉ የሞተውን እንዲሸኙ እንጂ ሕያው የሆነውን እንዲያድኑ አይፈቅድም። አንድ ቀን ግን ኮላ የሚባል ወጣት ነፍሱ ሳትወጣ ወደ ባሕር ተጣለ፤ ሲሚም ሕጉን ተላልፋ አዳነችው። ስለዚህም ይቅርታ ለመለመን ኦሎዱማሬ ወደሚባለው ልዑል ፈጣሪ ረጅም መንገድ ትጀምራለች።

ስለ ባሕር ልጃገረድ የተጻፈውን ያነበበ ሰው ወዲያው የዴንማርኩን ሃንስ ክሪስትያን አንደርሰንን ማስታወሱ አይቀርም። በ1837 ዓ.ም. በወጣው በአንደርሰን ተረት የባሕር ሰዎች 300 ዓመት ይኖራሉ፤ ነገር ግን የማትሞት ነፍስ ስለሌላቸው ዕድሜያቸው ሲያልቅ የባሕር አረፋ ሆነው ይቀራሉ። ትንሿ ልጃገረድ የወደደችውን የንጉሥ ልጅና የማትሞት ነፍስን ለማግኘት ስትል ምላስዋን አስቈርጣ ድምፅዋን ትሰጣለች፤ የሰው እግር ብታገኝም በረገጠች ቍጥር በስለት ላይ እንደምትሄድ ሆና ትታመማለች። የንጉሥ ልጅ ሌላ ባገባ ጊዜም እርሱን ገድላ ራስዋን ማዳን ስትችል ቢላዋውን ወደ ባሕር ወረወረችው።

አንደርሰን ነፍስን በፍቅርና በመሥዋዕት የምትፈለግ ሀብት አደረጋት። ቦወን ግን ነገሩን ገለበጡት፤ የእርሳቸው የባሕር ልጃገረድ ለራስዋ ነፍስን ፈላጊ ሳትሆን የሌሎች ነፍስ ጠባቂ ናት። በዚያኛው ተረት የሚጠየቀው «ከሞትሁ በኋላ እኖራለሁን?» ተብሎ ነው፤ በዚህኛው የሚጠየቀው «እነዚህን ሰዎች ከሞቱ በኋላ ማን ያስባቸዋል?» ተብሎ ነው። ከራስ ወደ ባልንጀራ የተደረገው ይህ መሻገር የመጽሐፉ ዋና ሀብት ነው።

ጥያቄውም ከታሪክ እንጂ ከምኞት የተወሰደ አይደለም። በ1444 ዓ.ም. ላጎስ በተባለችው የፖርቱጋል ወደብ 235 ምርኮኞች ወርደው ልጅ ከእናት ባል ከሚስት እየተለየ ተከፋፍለዋል። የታሪክ ሊቃውንት የመርከቦችን መዝገብ መርምረው እንደ ገመቱት፥ ንግዱ በቆየባቸው ዘመናት ወደ 12 ሚሊዮን ተኩል የሚሆኑ አፍሪቃውያን በአትላንቲክ ላይ ተጭነው 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ያህሉ በመንገድ ሞተዋል። በ1781 ዓ.ም. ዞንግ የምትባለው የእንግሊዝ መርከብ ሰዎች ከ130 የሚበልጡ ምርኮኞችን በሕይወታቸው ወደ ባሕር ጣሉ፤ ነገሩ በ1783 ዓ.ም. በለንደን ችሎት ሲቀርብ ክርክሩ ስለ ነፍስ ግድያ አልነበረም፥ ስለ ጠፋው «ዕቃ» የኢንሹራንስ ገንዘብ ነበር እንጂ። የነጋዴ መዝገብ ራስን ይቈጥራል፥ ስምን ግን አይጠራም። እንግዲህ ሲሚ የሟቹን ነፍስ ስትቀበል የኖረው ሕይወት፥ የወደዳቸውም ሰዎች ትዝታ እንዲታያት መደረጉ ለጌጥ የገባ ነገር አይደለም፤ መዝገቡ የነሣውን ሰውነት ለሟቹ መመለስ ነው።

ሁለተኛው መልካም ነገር የሕግና የምሕረት ክርክር ነው። በሰንበት ጉድጓድ ስለ ወደቀው በግ የተነገረውን የሚያውቅ አንባቢ ይህን ክርክር ለመረዳት አይቸገርም። ደራሲዋ ግን ምሕረትን ያለ ዋጋ አልሸጡትም። የሲሚ ቅጣት በእርስዋ ብቻ የሚቀር ሳይሆን ለባልንጀሮችዋ ሁሉ የሚተርፍ ነው፤ ስለዚህ ያዳነችውን ልጅ በተመለከተች ቍጥር የምታስጠፋቸውን እኅቶችዋን ታስባለች። አንድን ሰው ያዳነ ሰው ሥራው እዚያ እንደማያበቃ፥ ከማዳኑም ለሚከተለው ነገር ኃላፊ መሆኑን ወጣት አንባቢ ከዚህ ይማራል።

ነቀፌታ ግን አይታጣበትም። ቅኔን የተማረ ሰው እንደሚያውቀው ሰም የሚፈለገው ወርቁን እንዲይዝ ነው፤ ሰሙ ሲበዛ ወርቁ ይሰወራል። የዚህም መጽሐፍ ወርቁ ስማቸው ያልተጠራ ሙታን ናቸው። ሲሚ ወደ የብስ ከወጣች በኋላ ግን የዎሎፎቹ ዩምቦዎች፥ የአካኖቹ ሳሳቦንሳም፥ በካኑሪዎች ዘንድ ቡልቱንጊን የሚባሉት፥ ቡዳ ጅብ ይሆናል ሲባል የሰማ ኢትዮጵያዊ የሚያውቃቸው የሚመስሉት ሰዎች ተራ በተራ ይመጣሉ። እያንዳንዳቸው የየሕዝባቸው ቅርስ ስለ ሆኑ መነሣታቸው መልካም ነው፤ ነገር ግን አንዱ ሳይጠገብ ሌላው ስለሚተካ አንባቢ ከአደጋ ወደ አደጋ ይሮጣል። የሁለቱ ወጣቶች ፍቅርም ሲጨመርበት በመጀመሪያው ምዕራፍ የተሸኙት ሙታን ከዐይን ይርቃሉ። በ2022 ዓ.ም. በወጣው ተከታይ መጽሐፍ ሲሚ ነጻነትዋን ሰጥታ በባሕር ጥልቅ የሙታንን አገር ስትጠብቅ መገኘትዋ፥ ደራሲዋ ራሳቸው ወርቁን እንዳልረሱት ያስረዳል።

ከዚህ የሚከብደው ነቀፌታ ስለ ኤሹ ነው። በመጽሐፉ ተንኰለኛ ባላጋራ ሆኖ የቀረበው ኤሹ በዮሩባዎች ሃይማኖት በአማልክትና በሰዎች መካከል የሚላክ፥ መሥዋዕትን የሚያደርስ፥ መንታ መንገድን የሚጠብቅ ነው፤ ተንኰል ቢኖርበትም የክፋት ሁሉ ምንጭ አይደለም። ስሙ ለዲያብሎስ የተሰጠው መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ዮሩባ ቋንቋ በተተረጐመ ጊዜ ነው። የትርጕሙ ዋና ሠራተኛ ሳሙኤል አጃዪ ክራውዘር ናቸው። እርሳቸውም በልጅነታቸው ተማርከው ለፖርቱጋል ነጋዴዎች ከተሸጡ በኋላ የተጫኑባት መርከብ በ1822 ዓ.ም. በእንግሊዝ ባሕር ኃይል ተይዛ ነጻ የወጡ፥ በ1864 ዓ.ም. ከአፍሪቃውያን የመጀመሪያው የአንግሊካን ጳጳስ የሆኑ ሰው ናቸው። ኮላን በልብ ወለድ ከባሕር ከመዳኑ በፊት በእውነት ከባሪያ መርከብ የዳነ ልጅ ነበረ ማለት ነው። አንድ ተርጓሚ የመረጠው አንድ ቃል የአንድን ሕዝብ አሳብ ለብዙ ዘመን እንደሚመራ ትርጓሜ የሚያውቁ ካህናት አይስቱትም። የአባቶቻቸውን ነገር ለመመለስ የተነሡት ደራሲም ኤሹን በዚያው በጠላት ወንበር ላይ አስቀምጠው መተዋቸው ያስገርማል። ሲሚን በባለ ብዙ ገጽታ ሣሉ፤ ለእርሱ ግን አንድ ገጽ ብቻ ሰጡት።

መጽሐፉ የአማልክትን ስም ስለሚጠራ ብቻ ከወጣቶች እጅ ይወሰድ የሚል ቢኖር ፍርዱ የተፋጠነ ይሆናል። የዮሩባ ሃይማኖት ዛሬም በናይጄርያ፥ በብራዚልና በኩባ የሚኖሩ ሰዎች የሚከተሉት ስለ ሆነ፥ ስለ እርሱ የተጻፈውን በማስተዋልና ሳያቃልሉ ማንበብ ይገባል፤ የጎረቤትን እምነት ማወቅም የራስን መተው አይደለም። አስተማሪ ከልጆቹ ጋር ቢያነበው ደግሞ ልዩነቱን እያስረዳ ከጥቅሙ ያደርሳቸዋል።

ስሙ ተጠርቶ ፍትሐት የሚደረስለት፥ ተዝካር የሚወጣለት ሰው ባለበት አገር የዚህ መጽሐፍ ኀዘን እንግዳ አይደለም። በባብ ኤል መንደብ ወደ የመን ሲሻገሩ ጀልባ ሰጥሞባቸው ሬሳቸው ሳይገኝ የቀሩ የኢትዮጵያ ልጆች ጥቂቶች አይደሉም፤ እናቶቻቸውም ልቅሶ ይቀመጡ ወይም ይጠብቁ እንደ ሆነ አያውቁም። የባሕር ልጃገረድ በእውነት የለችም፤ በባሕር የቀረውን ሰው ስም የመጥራት ሥራ ግን አለ፥ እርሱም የሕያዋን ነው። ናታሻ ቦወን ይህን ሥራ ለወጣቶች ስላሳሰቡ፥ ከነጕድለቱም ቢሆን መጽሐፋቸው ሊነበብ የሚገባው ነው።