ስለ «ድምፅ ማጉያ»፦ ስቴሪዮና የቤት ሲኒማ በአንድ ሳሎን ሲገናኙ የሚታይ የስያሜ ችግር

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም በሚያወጣው አቀበት ላይ እሑድ ጧት የሚጓዝ ሰው የቅዳሴውን ዜማ ቤተ ክርስቲያኑ ሳይታየው ይሰማል። ዜማውን እስከዚያ ያደረሰው ምን እንደሆነ ቢጠየቅ «ድምፅ ማጉያ» ብሎ ይመልሳል፤ መልሱም ትክክል ነው። በካህኑ ፊት የቆመው፣ በግምጃ ቤት ያለው ባለ መብራት ሣጥን፣ ከደጅ የተሰቀለው ጡሩምባ መሰል ነገር፣ ሦስቱም በአንድነት ድምፅ ማጉያ ይባላሉ። እያንዳንዳቸው ለየብቻ ሲጠሩም ስማቸው ያው ድምፅ ማጉያ ነው። ዕቃው ባንድነት ተገዝቶ ባንድነት የሚሠራ በመሆኑ በዚህ ስያሜ የተቸገረ ሰው ብዙ ጊዜ አላጋጠመንም።

እኔ ችግሩን ያየሁት ከዚሁ አቀበት ዳር በሚገኝ አንድ ሳሎን ውስጥ ነው። የቤቱ ባለቤት የወንድሜ ልጅ ሲሆን ከወጣትነቱ ጀምሮ ሸክላ ሲሰበስብ የኖረ ሰው ነው፤ አንድ የሸክላ ማጫወቻ፣ አንድ ስቴሪዮ አምፕሊፋየርና ሁለት ስፒከሮች አሉት። ኋላም ለልጆቹ ብሎ ለቤት ሲኒማ የሚያገለግል ባለ ብዙ መስመር መሣሪያ ገዛ። ሳሎኑ ግን አንድ ነው። ሶፋውና ቡፌው ከያዙት ቦታ የተረፈው ግድግዳ ሁለት ጥንድ የፊት ስፒከሮች አይችልም። ስለሆነም ያሉት ሁለት ስፒከሮች ሙዚቃ ሲሰማ ለስቴሪዮው፣ ፊልም ሲታይ ለሲኒማው እንዲያገለግሉ ሁለቱን መሣሪያዎች ማጣመር ነበረበት። ከዕቃው ጋር የመጣው የአማርኛ መመሪያ «የፊት ድምፅ ማጉያዎችን መውጫ ከሁለተኛው ድምፅ ማጉያ መግቢያ ጋር ያገናኙ» ይላል። የታዘዘውን ፈጸመ። የሽቦውን አንድ ጫፍ ልጦ ስፒከር በሚታሰርበት መውጫ ላይ አሰረ፣ ሌላውን ጫፍ በአሮጌው አምፕሊፋየር መግቢያ ሰካ፣ መሣሪያውን ከፈተ። ጥቂት ሳይቆይ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ።

ማታ ስልክ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ የትኛውን ድምፅ ማጉያ ነበር ያሉት?»

መመሪያውን የተረጎምሁት እኔ ነበርሁ።

መነሻው ጽሑፍ ያዘዘው ሌላ ነገር ነበር። በአዲሱ መሣሪያ ጀርባ ሁለት ዓይነት መውጫዎች አሉ። አንደኛው ድምፁ ገና ሳይጎላ የሚወጣበት ነው፤ የኤሌክትሪኩ ግፊት አንድ ወይም ሁለት ቮልት ያህል ነው። ሁለተኛው ግን ስፒከሩን ለማንቀሳቀስ የሚበቃ ኃይል የሚወጣበት ነው፤ 8 ኦም በሆነ ስፒከር ላይ 50 ዋት ሲሰጥ ግፊቱ 20 ቮልት ይደርሳል። የሁለተኛው መሣሪያ መግቢያ የተሠራው ለመጀመሪያው ዓይነት እንጂ ለዚህኛው አይደለም። መመሪያው የሚለው «ገና ያልጎላውን የፊት መስመሮች መውጫ ከስቴሪዮው አምፕሊፋየር መግቢያ ጋር አገናኝ» ነው። እኔ ግን ስፒከሩንም አምፕሊፋየሩንም «ድምፅ ማጉያ» ብዬ፣ «ቅድመ» የምትለውን ትንሽ ቃል ደግሞ ለአንባቢ ትከብዳለች ብዬ ስለ ተውኋት፣ ዐረፍተ ነገሩ ሰዋስዉ የቀና፣ ትእዛዙ ግን ዕቃ የሚያቃጥል ሆኖ ወጣ። ጽሑፉን አንድ የሥራ ባልደረባዬ አርሞት ነበር፤ ያረመው ነጠላ ሰረዝ ብቻ ነው።

እንግዲህ ቃሉን እንመልከት። ማጉያ «ጎላ» ከሚለው ግሥ የመጣ ነው፤ አጎላ፣ ማጉላት፣ ማጉያ። ከበሰለ ማብሰያ፣ ከከፈለ መክፈያ እንደሚወጣው ሁሉ የግሡ «ል» በመሣሪያ ስሙ ውስጥ ወደ «ይ» ተለውጧል። አፈጣጠሩ ንጹሕ ነው፤ «ማጉያ መነጽር» በሚለው ስያሜም አለ። ነገር ግን ይህ የመሣሪያ ስም እርባታ የሚነግረን ነገሩ ለምን እንደሚያገለግል እንጂ ምን እንደሆነ አይደለም። ማብሰያ ድስቱም ምድጃውም ክፍሉም ሊሆን ይችላል፤ መክፈያም ቦታውም ገንዘቡም ነው። ድምፅን ማጉላት ደግሞ የአንድ ዕቃ ሥራ ሳይሆን ከማይክሮፎን ጀምሮ እስከ ስፒከር የተዘረጋው ሰንሰለት ሥራ በመሆኑ ስሙ ከሰንሰለቱ ቀለበቶች ለየትኛውም ሊሰጥ ቻለ።

ድርብ ትርጉም በራሱ ነውር ነው አልልም። «ሸክላ»ን እንውሰድ። በእንጦጦ ግርጌ፣ በቀጨኔ፣ ሴቶች ሸክላ ይሠራሉ፤ ጀበናውም ምጣዱም ሸክላ ነው። አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ማሳተም የጀመራቸው የሙዚቃ ዲስኮችም ሸክላ ናቸው። ሆኖም ጀበናውን ማጫወቻ ላይ ያስቀመጠ ሰው የለም። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዐረፍተ ነገር፣ በአንድ ግሥ ሥር፣ ጎን ለጎን ስለማይቆሙ አንባቢ አይሳሳትም። ስፒከርና አምፕሊፋየር ግን ሁልጊዜ ጎን ለጎን ናቸው፤ አንዱ ሳይጠራ ስለ ሌላው መመሪያ መጻፍ አይቻልም። ስለዚህ የሙያ ቃል የሚፈተነው በመዝገበ ቃላት ዐምድ ውስጥ ብቻውን ቆሞ አይመስለኝም። ዕቃዎቹን ሁሉ በአንድ ክፍል ሰብስቦ «ይህን ከዚያ ጋር አገናኝ» የሚል ዐረፍተ ነገር መጻፍ ነው። እኛ ግን ቃላትን ለየብቻ በካርድ ላይ እየጻፍን፣ በእያንዳንዱ ካርድ ላይ ተስማምተን ስንፈርም ኖረናል። የአምፕሊፋየሩ ካርድና የስፒከሩ ካርድ በተለያየ ቀን ከቀረቡ ሁለቱም «ድምፅ ማጉያ» ተብለው ሊያልፉ ይችላሉ።

«እንዲህ ከሆነማ የባዕዱን ቃል እንዳለ እንውሰድና እንረፍ» የሚሉ ባልደረቦች አሉ። ገበያው አምፕ፣ ስፒከር፣ ማይክ እያለ ተግባብቷልና ሐሳባቸው ከመሬት የተነሣ አይደለም። ነገር ግን መዋስ ብቻውን መድኃኒት እንዳልሆነ ያው ሳሎን ይመሰክራል። የቤት ሲኒማው ዋና መሣሪያ በእንግሊዝኛ ስሙ «ሪሲቨር» ነው። በአዲስ አበባ ቤቶች ግን ሪሲቨር ማለት ከዲሹ የሚመጣውን የሳተላይት ሥርጭት ለቴሌቪዥን የሚሰጠው ትንሽ ሣጥን ነው፤ ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ሁለቱ ሣጥኖች በዚያው ቡፌ ላይ ተደራርበው ተቀምጠዋል፤ እንዲያውም አንደኛው ድምፁን የሚያገኘው ከሌላው ነው። «ሪሲቨሩን ከሪሲቨሩ ጋር ያገናኙ» ብለን ልንጽፍ ነውን? «ቻናል»ም እንዲሁ በቴሌቪዥን ጣቢያ ተይዟል። ስለዚህ ለድምፁ መንገድ «መስመር» ማለትን እመርጣለሁ።

«ስቴሪዮ»ን «ባለ ሁለት ድምፅ» ብሎ የተረጎመ ጽሑፍ አይቻለሁ። የግሪኩ ቃል ትርጉሙ «ጠጣር» ነው፤ ከሁለት ቁጥር ጋር ዝምድና የለውም። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብሉምላይን እ.ኤ.አ. በ1931 የፈጠራ መብት የጠየቀበት ሐሳብ፣ ኋላም እ.ኤ.አ. በ1958 በሸክላ ለገበያ የዋለው ነገር፣ ድምፁ በሰሚው ፊት ስፋትና ቦታ እንዲኖረው ማድረግ ነው። ዘፋኙ ከመካከል፣ ማሲንቆው ከግራ እንደሆነ ይሰማል፤ በመካከል ግን ስፒከር የለም። ሁለቱ መስመሮች መንገዱ ናቸው እንጂ ትርጉሙ አይደሉም። ይህ ቃል ተለምዷል፣ ሥፍራውንም የሚሻማው የለም፤ ስቴሪዮ ተብሎ ይቅር።

ሲኒማው ዓላማው ሌላ ነው። ንግግሩ በሶፋው ጫፍ ለተቀመጠውም ልጅ ከተዋናዩ አፍ የወጣ መምሰል ስላለበት በማያው ሥር ለመካከሉ መስመር የራሱ ስፒከር ይቆምለታል፤ ዝናቡና ነጎድጓዱም ከጎንና ከኋላ ይመጣል። እ.ኤ.አ. ከ1992 ወዲህ በዲጂታል የፊልም ድምፅ የተስፋፋው «5.1» የሚባለው አደራደር ይህ ነው። ተርጓሚዎች ልብ ሊሉት የሚገባው ቁጥሩ የዐሥርዮሽ ክፍልፋይ አለመሆኑን ነው፤ አምስት ሙሉ መስመሮችና እስከ 120 ኸርዝ ላለው ወፍራም ድምፅ ብቻ የተመደበ አንድ ተጨማሪ መስመር፣ በድምሩ ስድስት ማለት ነው። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ምክር የፊት ሁለቱን ከሰሚው ፊት ለፊት በግራና በቀኝ 30 ዲግሪ ላይ፣ የጎኖቹን ደግሞ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ላይ ያስቀምጣል። 30 ዲግሪው ለስቴሪዮ ከተለመደው ሥፍራ ጋር አንድ ነው። የወንድሜ ልጅ ሐሳብ ትክክል ነበር ማለት ነው፤ ሁለቱ ሥርዐቶች በፊት ስፒከሮቻቸው ላይ ይስማማሉ። ያልተስማማው የእኔ ዐረፍተ ነገር ነው።

ከላይ «ወፍራም ድምፅ» ያልሁት በዘፈቀደ አይደለም። ብዙ ትርጉሞች «ዝቅተኛ ድምፅ» ይላሉ። ይሁን እንጂ እናት ልጇን «ድምፁን ዝቅ አድርገው» ስትል ስለ ድግግሞሹ መናገሯ አይደለም፤ ቀንሰው ማለቷ ነው። «ዝቅተኛውን ድምፅ ከፍ ያድርጉ» የሚል መመሪያ እርስ በርሱ የሚጣላ ይመስላል። አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ጥንትም ቃል አላጣም። የበገና ድምፅ ወፍራም፣ የዋሽንት ቀጭን ነው። ከፍና ዝቅ ለመጠን፣ ወፍራምና ቀጭን ለድግግሞሽ ከተመደቡ ችግሩ ይቃለላል፤ ገበያው «ሰብዉፈር» የሚለውም ወፍራም ድምፅ አውጪ ይሆናል።

«ሆም ቲያትር» የሚለውን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። ቴአትር ለእኛ መድረክ ነው። «የቤት ቴአትር» የሚል አንባቢ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ተውኔት የሚሠራ ይመስለዋል። ሕዝቡ የመጀመሪያውን የአዲስ አበባ ሲኒማ «ሰይጣን ቤት» ብሎ በጠራበት ዘመን እንኳ ከቴአትር ጋር አላምታታውም። «የቤት ሲኒማ» ይበቃል፤ ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ «ሲኒማ ቤት» እንዳይሆን «የ»ዋን መጠበቅ ብቻ ያስፈልጋል።

ለስፒከር ስም ስፈልግ ብዙ ተንከራትቻለሁ። «ድምፅ ሰጪ» በምርጫ ተወስዷል፤ ሳሎኑን በመራጭ መሙላት አይሆንም። «ድምፅ ማውጫ» እንዳልል ማውጫ የመጽሐፍ ርእሶች ዝርዝር ነው፤ ከዚህም ሌላ ወደዚያው ወደ ከሰስሁት የመሣሪያ ስም እርባታ ይመልሰኛል። «ድምፅ አውጪ» ብዬ አድራጊውን የሚያሳየውን እርባታ መረጥሁ። ለአምፕሊፋየር «ማጉያ» ብቻውን ይቅርለት፤ የተወለደበት ሥራው እርሱ ነውና። የቤት ሲኒማው ዋና መሣሪያ መስመሮችን ለይቶ ለየድርሻቸው ስለሚያድል «አከፋፋይ ማጉያ» ይባል። ያልጎላው መውጫ «ቅድመ ማጉያ መውጫ» ነው፤ «ቅድመ» ከግዕዝ የመጣች ብትሆንም ከቅድመ ታሪክ ጀምሮ ሁሉም የሚያውቃት ናት፣ እኔም ያለ ምክንያት ፈርቻት ነበር። ማይክሮፎን ማይክሮፎን ነው።

አንድ ስም አሁንም ያጠራጥረኛል። በአንዳንድ ስቴሪዮ ማጉያዎች ላይ ለዚህ ጥምረት ብቻ የተሠራ መግቢያ አለ፤ በዚያ የገባ ድምፅ የማጉያውን የመጠን መቆጣጠሪያ ሳይነካ ያልፋል፣ መጠኑንም የሚወስነው አከፋፋዩ ብቻ ይሆናል። ይህ መግቢያ ከሌለ ባለቤቱ የስቴሪዮውን መቆጣጠሪያ ፊልም ባየ ቁጥር ወደ አንድ ምልክት መመለስ አለበት፤ ከረሳው የፊት ሁለቱ የመካከሉን ንግግር ይውጡታል። «ቀጥታ ማለፊያ መግቢያ» ብዬዋለሁ። «ማለፊያ» በአማርኛ «መልካም» ማለትም በመሆኑ አንድ አንባቢ ከመግቢያዎቹ ሁሉ ጥሩው የትኛው እንደሆነ የተነገረው መስሎት ሸክላ ማጫወቻውን እዚያ ቢሰካ ድምፁ መቆጣጠሪያ ስለማይገታው በሙሉ ኃይሉ ይወጣል። የተሻለ ቃል ያለው ቢጽፍልን መልካም ነው።

የተሻሻለው ዐረፍተ ነገር ይህ ነው፦ «የአከፋፋይ ማጉያውን የፊት መስመሮች ቅድመ ማጉያ መውጫ ከስቴሪዮ ማጉያው ቀጥታ ማለፊያ መግቢያ ጋር ያገናኙ፤ ሁለቱን የፊት ድምፅ አውጪዎች ከስቴሪዮ ማጉያው ጋር ብቻ ይሰሩ።» የተቃጠለውን ማጉያ ለሚጠግነው የሽሮ ሜዳ ባለሙያ ሰጥቼው ሥዕል ሳያይ ገመዱን በትክክለኛው ቦታ ሰካ። «ይሰሩ» የምትለዋን ግን «ይሥሩ» ብሎ አንብቧት ስለነበር አንድ ጊዜ ቆሟል፤ «ይጠምዱ» በማለት ለውጫታለሁ። ሥራውን ሲጨርስ ለረዳቱ «እስቲ ስፒከሮቹን አምጣቸው» ሲል ሰምቼ በካርዱ ላይ ከ«ድምፅ አውጪ» ጎን «ስፒከር»ንም ጻፍሁ።