ሩኅሩኅ ባለሙያ፣ ሩኅሩኅ ተቋም

በኢትዮጵያ የጤና ተቋማት ግድግዳ ላይ በብዛት ከተለጠፉት ቃላት መካከል «ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» የሚሉት ይገኙበታል። ቃላቱ የመጡት ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. ከተሠራበት የጤናው ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ሲሆን፣ እንዲህ ያለ ባለሙያ ማፍራት ከዕቅዱ አራት የለውጥ አጀንዳዎች አንዱ ነበር። ዓላማው ቅን ነው። ታካሚን ማመናጨቅና ምጥ ላይ ያለችን እናት መቆጣት በየትኛውም ምክንያት ሊታለፍ አይገባም። ይሁን እንጂ ሐሳቡ ወደ ተቋማት ሲወርድ አንድ ጉድለት ታይቶበታል። ርኅራኄ የባለሙያው የግል ጠባይ ተደርጎ በመወሰዱ፣ ባለሙያው ውሎ የሚያድርበት የሥራ ቤት ሁኔታ ተገቢውን ትኩረት አላገኘም።

የዚህ ጉድለት ክብደት ከመሃል ሀገር በራቁ ሥፍራዎች ይበልጥ ይሰማል። በሸካ ዞን የአንድራቻ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ጌጫ ለዚህ ጥሩ ማሰቢያ ትሆናለች። ጌጫ ከማሻ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በደንና በእንሰት መካከል የምትገኝ ዝናብ የሚበዛባት ትንሽ ከተማ ናት። በሀገሪቱ የጤና አደረጃጀት መሠረት፣ በገጠር አንድ ጤና ጣቢያ ከአምስት ጤና ኬላዎች ጋር ሆኖ 25 ሺህ ለሚሆን ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቧል። ከሌላ አካባቢ ወደ እንዲህ ያለ ሥፍራ የሚመደብ ወጣት ነርስ ወይም አዋላጅ በአቅራቢያው ዘመድ የለውም፤ የአካባቢውንም ቋንቋ ገና አልለመደም። ስለዚህ የሥራ ባልደረቦቹ ቤተሰቦቹም ጭምር ናቸው። በመካከላቸው መተማመን ከጠፋ የሚጠጋበት ሌላ ቤት ስለሌለው ዝውውር ይጠይቃል። እርሱ ሲሄድ ነፍሰ ጡሯ ክትትሏን ካስጀመራት ሰው ትለያለች፤ የሳንባ ነቀርሳ ታካሚውም ታሪኩን ለአዲስ ሰው እንደገና ይናገራል። ጉዳቱ በመጨረሻ የሚያርፈው በሕዝቡ ላይ ነው።

ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የወጣው ሁለተኛው የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ አጀንዳውን «ተነሳሽነት ያለው፣ ብቁና ሩኅሩኅ» ወደሚል ቀይሮታል። ተነሳሽነት ከርኅራኄ ቀድሞ መቀመጡ የቃል ለውጥ ብቻ አይደለም፤ የቀደመው አስተሳሰብ ያልሞላውን ክፍተት የሚያመለክት ነው። ይሁን እንጂ ተነሳሽነትም በመፈክር አይመጣም። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ወር በተለያዩ ክልሎች የነበሩ የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄ አንሥተው ሥራ እስከ ማቆም መድረሳቸው ችግሩ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ አሳይቷል።

የክፍያው ጥያቄ ተገቢ መልስ ያሻዋል። ነገር ግን ሰውን በሥራው የሚያቆየው ገንዘብ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የነርሶች እጥረት በበረታበት ዘመን፣ ነርሶችን መሳብና ማቆየት የቻሉ 41 ሆስፒታሎች ተጠንተው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1983 ታትሞ ነበር። ሆስፒታሎቹን ከሚያመሳስሏቸው ነገሮች መካከል ሠራተኛውን ቀርቦ የሚሰማ አመራር መኖሩና ነርሶች ሥራቸውን በሚመለከቱ ውሳኔዎች መካፈላቸው ይገኙበታል። በጀት ያነሰው የወረዳ ተቋም እንኳ ከእነዚህ ብዙውን ሊፈጽም ይችላል።

በኢትዮጵያ የመንግሥት ተቋማት ይህን ይተካል ተብሎ የኖረው ግምገማ ነው። ሂስና ግለ ሂስ ከፖለቲካ መድረክ ወደ ሥራ ቤት የገባ ልማድ እንደመሆኑ፣ ስብሰባው «ማን አጠፋ?» በሚል መንፈስ ይጀመራል። እንዲህ ሲሆን ብልሁ ሠራተኛ ዝም ማለትን ይማራል፤ ቃለ ጉባኤው ይሞላል፣ ችግሩ ግን ባለበት ይቀራል። ኤሚ ኤድመንድሰን የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ አመራራቸውና ቅንጅታቸው የተሻለ በሆኑ የሆስፒታል ክፍሎች የተመዘገበው የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተት ከሌሎቹ በልጦ ተገኝቷል። ተመራማሪዋ ለዚህ የሰጡት ማብራሪያ፣ በእነዚህ ክፍሎች ሠራተኛው ስህተትን ለመናገር የማይፈራ በመሆኑ ነው የሚል ነበር። በአንጻሩ ስህተት የማይነገርበት ክፍል ደኅና መስሎ ይታያል እንጂ ደኅና አይደለም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው አባባል ለታካሚ ብቻ የተነገረ አይደለም።

ይህ ማለት ተጠያቂነት ይቅር ማለት አይደለም። ታካሚን የበደለ ሊጠየቅ ይገባዋል። ዳሩ ግን ጓንት በጠፋበት፣ የዲዩቲ ክፍያ ለወራት በዘገየበትና አንዲት አዋላጅ ሌሊቱን ብቻዋን ባደረችበት ሁኔታ የተፈጠረን መሰላቸት የጠባይ ጉድለት ብቻ አድርጎ መገምገም የተሳሳተ ምርመራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው የበሽታዎች ምደባ፣ በሥራ ብዛት መዛልን ባግባቡ ካልተያዘ የሥራ ቦታ ጫና የሚመነጭ ክስተት ብሎ ገልጾታል።

ጤናማ የሥራ ባህል የሚገነባው በዕለት ተዕለት ሥራ ነው። የተረኝነት መርሐ ግብሩ ከሠራተኞቹ ጋር ተመክሮበት አስቀድሞ ይለጠፍ። አዲስ የተመደበው ባለሙያ ከጽዳት ሠራተኛው እስከ ካርድ ክፍሉ ድረስ በስሙ ይተዋወቅ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሪፖርት ለማቅረብ ብቻ ሳይሆን ያየችውን ለመናገርም ትጠራ። ስብሰባው «ምን ጎደለ?» በሚል ጥያቄ ይከፈት፤ የተነሣው ጉዳይም በሚቀጥለው ስብሰባ መልስ ያግኝ፣ መልሱ «አልተቻለም» ቢሆን እንኳ ምክንያቱ ይነገር። በቴፒ ቆላ ቡና የሚለቀምበት ወቅት የወባ ሕመም ከሚበረታበት ጊዜ ጋር ሲገጣጠምና ሥራ ሲደራረብ፣ እንዲህ የተሰናዳ ቡድን ሸክሙን ተካፍሎ ይወጣዋል።

በጌጫም ሆነ በሌላ የወረዳ ከተማ፣ ሌሊት ምጥ ይዟት የምትመጣ እናት በሩ ላይ የተለጠፈውን መፈክር አታነብም። የምታየው የተረኛዋን ፊት ነው። ያ ፊት የሚፈታው ደግሞ ተረኛዋ ራሷ በተቋሟ ተከብራ ስትውል ነው።