የሚላቀቅ ኮላ

የአሮጌ ቫዮሊን ጠጋኝ ሥራውን የሚመዝንበት አንድ ጥያቄ አለ፤ ከእኔ በኋላ የሚመጣው ጠጋኝ ይህን እንጨቱን ሳይጎዳ ሊፈታው ይችላል ወይ? ጥያቄውን ያወረሱን የጣሊያኗ ክሬሞና ቫዮሊን ሠሪዎች ናቸው። ከአማቲ ቤተሰብ ጀምሮ በ1737 እስከሞተው እስከ ስትራዲቫሪ ድረስ ቫዮሊን ይጣበቅ የነበረው ከእንስሳ ቆዳ ተቀቅሎ በሚወጣ ኮላ ነው። ይህ ኮላ ከደረቀ ክሮቹ የሚያሳድሩትን ከ20 ኪሎ በላይ ውጥረት ይችላል፤ ጥቂት ውሃና ሙቀት ሲያገኝ ግን ይለቃል። ስስ ቢላዋ በመጋጠሚያው አስገብቶ ደረቱን (የፊት ገጹን) ማንሣት፣ የተሰነጠቀውን ከውስጥ መደገፍ፣ መልሶ መክደን ይቻላል። እነዚያ መሣሪያዎች ለ300 ዓመት የዘለቁት ደጋግመው መከፈት ስለቻሉ ነው።

ዛሬ ከእንጨቱ የሚጠነክር ነጭ የአናጢ ኮላና ኤፖክሲ እያለ በቆዳ ኮላ መድከም ለምን ያስፈልጋል የሚሉ አሉ። ለወንበር ከሆነ ልክ ናቸው። የቫዮሊን ደረት ግን 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ድረስ የሳሳ ስፕሩስ ነው፤ አየሩ ሲረጥብ ወደ ጎን ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። የአዲስ አበባ ክረምት አልፎ ደረቁ በጋ ሲገባ መሣሪያው ምን እንደሚሆን የያዘው ሰው ያውቀዋል። እንጨት ሲኮማተር አንድ ቦታ መሸነፉ አይቀርም። ኮላው ከደከመ መጋጠሚያው ይከፈታል፤ ትኩስ ኮላ አስገብቶ ማሰር ነው። ኮላው ከበረታ ግን የሚሸነፈው እንጨቱ ነው፤ ስንጥቁም ዕድሜውን ሙሉ አብሮት ይኖራል። ስለዚህ ደረቱን ስንከድን ኮላውን ሆን ብለን እናቀጥነዋለን።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ከታሪክ የሚነሣው ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ19ኛው መጀመሪያ አዳራሾች ሲሰፉና ተጫዋቾች ጎላ ያለ ድምፅ ሲፈልጉ፣ የቀደሙት ቫዮሊኖች አንገት ከሞላ ጎደል ሁሉም ተቀየረ፤ ረዘመ፣ ወደ ኋላም ዘመመ። ከደረቱ ሥር የተለጠፈው ዘንግም ረዘም ወፈር ባለ ተተካ። «እንግዲህ የቱን ጥንታዊነት ነው የምትጠብቁት?» ለሚል መልሱ እዚያው ታሪክ ውስጥ አለ። ዘንጉ ተነቅሎ ሊተካ የቻለው ኮላው ስለፈቀደ ነው፤ ዛሬም የድሮውን ዓይነት መልሶ ማስገባት ይቻላል። አንዳንድ ጠጋኞች ግን ድምፁን እናሻሽላለን ብለው ደረቱንና ጀርባውን ከውስጥ ፋቁት። የተፋቀ እንጨት አይመለስም፤ ነገሩን ሳስበው አሁንም ያንገበግበኛል። የክሬሞናው ጓርኔሪ በ1743 የሠራው፣ ቫዮሊን ተጫዋቹ ፓጋኒኒም ለጄኖቫ ከተማ ያወረሰው «ካኖኔ» የተባለው ቫዮሊን ለባለሙያ ትልቅ መማሪያ የሆነበት አንዱ ምክንያት ሠሪው የተወለት ውፍረት አብሮት መቆየቱ ነው። እርሱን ያጠና ሰው ወፍራም እንጨት ድምፅ ያፍናል የሚለውን አባባል እንዲህ በቀላሉ አይቀበልም።

ይሁንና ሁሉም ጥገና የሚፈታ አይሆንም። ክሮቹን በተሸከመው ብርኩማ አጠገብ፣ ከደረቱ ሥር፣ ያለ ኮላ በውጥረት ብቻ የቆመች ቀጭን የእንጨት ምሰሶ አለች፤ ጣሊያኖች «አኒማ»፣ ነፍስ ይሏታል። ስንጥቅ በእርሷ ራስ ላይ ካለፈ ማጣበቅ ብቻውን አይበቃም፤ ምሰሶዋ ከሥር እየገፋች ትከፍተዋለች። ያኔ ደረቱን በጀሶ ቅርጽ ላይ አሳርፎ፣ የቀደመውን እንጨት ከውስጥ ጎድጎድ አድርጎ አውጥቶ አዲስ ስፕሩስ መግጠም ግድ ይሆናል። ይህ ደንባችንን ያፈርሰዋል የሚሉ ባልደረቦች አሉ። ለእኔ ግን ይበልጥ ያጠብቀዋል፤ ካልተሠራ ቫዮሊኑ አይጫወትም፣ ሲሠራ ደግሞ የሚወጣው እንጨት ስንጥቁ ከጠየቀው አንዲት ልጣጭ ማለፍ የለበትም፤ መግጠሚያውም በዚያው በቆዳ ኮላ ይያዝ። ባለቤቱ «እግረ መንገድዎን ቫርኒሹንም ያንጸባርቁልኝ» ሲል ግን እንቢ ማለት ያስፈልጋል። ለማንጸባረቅ የሚውል አልኮል የቀደመውን ቫርኒሽ ሊጎዳው ይችላል፤ በላዩ የተቀባው አዲስ ቫርኒሽም አንድ ቀን ሲነሣ አሮጌውን ይዞ ሊነሣ ይችላል። ላቡንና አቧራውን በጥቂቱ በረጠበ ጨርቅ አንሥቶ እዚያው ላይ ማቆም ይበቃል።