ስለ ስውር አሻራ አገላለጥ ትምህርት፤ አንድ ትችት

በዐይን የማይታየውን የጣት አሻራ በኬሚካል ስለ መግለጥ የሚያስተምሩ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ ኬሚካሎቹን ተራ በተራ ይቆጥሩና አሻራው ያረፈበትን ዕቃ በአጭር ቃል ያልፉታል። በእኔ አስተያየት አቀማመጡ የተገለበጠ ነው፤ አስቀድሞ መመርመር የሚገባው ዕቃው ነውና።

ወረቀት ላብን ይጠጣል። በላቡ ውስጥ ያሉት አሚኖ አሲዶች በወረቀቱ ላይ ብዙ ዘመን ይቆያሉ፤ ሩሄማን በ1910 እ.ኤ.አ. ያገኘው ኒንሃይድሪን ሲነካቸውም ሐምራዊ ቀለም ያወጣሉ። ለአሻራ ሥራ እንዲውል የታሰበው ግን በ1954 እ.ኤ.አ. ነው። ወረቀቱን ዝናም ከመታው አሚኖ አሲዱ ታጥቦ ስለሚሄድ ኒንሃይድሪን መቀባት ከንቱ ድካም ነው። ጠርሙስና ጄሪካን ላብ ስለማይጠጡ በሳያኖአክሪሌት፥ ማለት በፈጣን ሙጫ ጢስ፥ ይታጠናሉ። ቅቤ ለነካው ጣሳ ደግሞ ሱዳን ብላክ የተባለው ቀለም ይሻላል።

ይህን ወደ ባሌ ደጋ፥ ወደ ገሰራ ወስደን እንየው። ከስንዴ ገበሬ ቤት የሚገኘው የማዳበሪያ ከረጢትና የፈረስ ኮርቻ ነው፤ በሻካራ ድርና ማግ ላይ የጣቱ መስመር ራሱ ተቆራርጦ ያርፋል። አየሩም አለ። ኒንሃይድሪን ሙቀትና እርጥበት ይወዳል፤ በሮቤና በጎባ የበጋ ብርድና ድርቀት ቀለሙ ሳይወጣ ቀናት ሊያልፉ ይችላሉ። በማግሥቱ «አሻራ አልተገኘም» ብሎ የጻፈ መርማሪ ሰውን ያለ ፍርድ ነጻ ያወጣል፤ ወይም ንጹሑን በጥርጣሬ ያስቀራል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ውል ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1728 መፈረም የማይችል ሰው በፊርማው ፋንታ የአውራ ጣቱን ምልክት እንዲያኖር ይፈቅዳል፤ ማንበብ የማይችል ሰው ምልክት ግን በአዋዋይ፥ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። እንግዲህ ገበሬው «ይህ ጣት የእኔ አይደለም» ብሎ በካደው ወረቀት ላይ ሁለት ዓይነት አሻራ አለ፤ አንዱ በማኅተም ቀለም የታተመው፥ ሁለተኛው ወረቀቱን የያዙት እጆች የተዉት ስውር ነው። ኒንሃይድሪኑ በአሴቶን ተበጥብጦ ከፈሰሰበት የማኅተሙ ቀለም ይዘረጋል፤ ስውሩን ስንፈልግ ግልጡን አጠፋን ማለት ነው። ስለዚህ ፎቶግራፍ ይቀድማል፤ ከዚያም ቀለም የማያሟሟ ፈሳሽ ይመረጣል።

እንዲህ ያለው ማስጠንቀቂያ በምዕራፉ ራስ እንጂ በግርጌ መጻፍ አልነበረበትም። የላቦራቶሪ ልምምዱም በንጹሕ መስተዋት ላይ ብቻ ከሚሆን፥ አንድ አሮጌ ከረጢትና በጣት የተፈረመ አንድ ወረቀት ይጨመርበት።