ፀሐይ ወይስ ጸጋ?

በዚህ ገጽ ሂስ ስንጽፍ እስከ ዛሬ የመረጥነው ልብ ወለድና ግጥም ብቻ ነው። ዛሬ የያዝነው ጽሑፍ ግን ምዕራፍ የለው፣ ስንኝ የለው፤ አራት ቃል ነው፦ «አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ»። «ይሄ እኮ የቱሪዝም ማስታወቂያ ነው፤ ሥነ ጽሑፍ ነው እንዴ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሳችን አጭር ነው። ከአገራችን ወጥተው ዓለምን ካዳረሱ መስመሮች መካከል ይህን ያህል የተነበበ ብዙ የለም። ብዙ የተነበበ መስመር ደግሞ ብዙ ሊመረመር ይገባዋል።

ነገሩን ያስጀመረን የሲሬ ሻይ ቤት ነው። ክረምት ላይ ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ እኛ የሲሬ ልጆች ወደ ቤተሰብ ገብተን ነበር። ከገበያው አጠገብ ባለች አንዲት ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ዳር ዳሩ የተቀደደ የድሮ ፖስተር ተለጥፏል። ሐይቅ አለ፣ አሸዋ ላይ የተተከለ ጃንጥላ አለ፣ ከሥሩ በእንግሊዝኛ ያ መፈክር አለ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ዝናብ ሊያሳልፉ የገቡ አንድ አዛውንት ገበሬ አጠገባችን ተቀምጠው ነበርና «ልጆች፣ ይሄ ነገር ምን ይላል?» ብለው በኦሮምኛ ጠየቁን። እኛም «አባባ፣ ዓመቱን በሙሉ፣ አሥራ ሦስቱንም ወር ፀሐይ ነው ይላል» አልናቸው። አዛውንቱ ብርጭቋቸውን አስቀመጡና፦

«አሥራ ሦስቱንም ወር? ምን አጥፍተን?» አሉ።

ሻይ ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ እኛም ሳቅን። ነገር ግን ውድ አንባቢያን፣ በዚህች ጥያቄ ውስጥ እኛ በሦስት ዓመት የሂስ ትምህርት ያልደረስንበት ሂስ አለ። ስንዴና ጤፍ ለሚዘራ ሰው አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ተስፋ አይደለም፣ እርግማን ነው። ታዲያ መስመሩ የተጻፈው ለማን ጆሮ ነው? የዚህ ጽሑፍ ጭብጥ ይኸው ነው።

በመጀመሪያ ለመስመሩ የሚገባውን ክብር እንስጥ። መፈክሩ የሚታወቀው «የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት» በሚባሉት በአቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ስም ነው፤ ዘመኑም 1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። እንደ ጽሑፍ ብልህ ነው። ባዕዳን እንደ ኋላ ቀርነት ይቆጥሩት የነበረውን የዘመን አቆጣጠራችንን ይዞ ሀብት አደረገው። «እናንተ አሥራ ሁለት አላችሁ፣ እኛ አሥራ ሦስት» ማለት በጥቂት ቃል ሙግት መርታት ነው። ቅርፁ አያስነቅፍም። ክፍተቱ ይዘቱ ላይ ነው።

ይዘቱን ለመረዳት በዚያው ዘመን ሌላ አገር ምን እየተባለ እንደነበረ ማየት ይጠቅማል። ስፔን «ስፔን ልዩ ናት» የሚል መፈክር ይዛ የሰሜን አውሮፓን ሰው ወደ ባሕር ዳርቻዎቿ ትጠራ ነበር። መፈክሩን ያስፋፋው ከ1962 እስከ 1969 እ.ኤ.አ. የማስታወቂያና የቱሪዝም ሚኒስትር የነበረው ማኑኤል ፍራጋ ነው። አገሪቱ በፍራንኮ አምባገነን አገዛዝ ሥር ነበረች። የዓሣ አስጋሪዎች መንደር የነበረችው ቤኒዶርም በፎቅ ሆቴሎች ተሞላች። ከንቲባዋ ፔድሮ ሳራጎሳ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ቢኪኒ ባሕሩ ዳር እንዲለበስ ፈቀደ፤ በቀሪው አገር ግን ሰው ጋዜጣ ላይ ያሻውን መጻፍ አይችልም ነበር። ነፃነቱ ለእንግዳው፣ ዝምታው ለባለቤቱ መሆኑ ነው። የሁለቱ መፈክሮች ዝምድና እዚህ ላይ ይታየናል፤ ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ውጭ፣ ጀርባቸውን ወደ ቤት አዙረዋል።

አሁን ወደ ቃሉ እንመለስ። መስመሩ የሚመካባት አሥራ ሦስተኛዋ ወር ጳጉሜን ናት፤ አምስት ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት። ጳጉሜን ደግሞ የክረምቱ ጭራ ናት። በጳጉሜን 3፣ በሩፋኤል ዕለት የሚዘንበው ዝናብ እንደ ጠበል ይቆጠራል። ልጅ ሆነን ልብሳችንን ጥለን ወደ ደጅ እንሮጥ የነበረው ዝናብ ፍለጋ ነው እንጂ ፀሐይ ፍለጋ አልነበረም። እንግዲህ መፈክሩ ከወራቱ ሁሉ መርጦ የኮራባት ወር ሕዝቡ ዝናቧን የሚጠብቅባት ወር ናት ማለት ነው። ካላንደሩን አውቆታል፤ በካላንደሩ ውስጥ የሚኖረውን ሰው ግን አላየውም።

ይህ ሲባል ገበሬ ፀሐይ ይጠላል ማለት አይደለም። ክረምቱ ሲወጣ፣ አደይ ሲፈነዳ ፀሐይን የማይናፍቅ ማን አለ? ኢሬቻም የሚከበረው ክረምቱ አልፎ ብራ ሲመጣ ነው። ፀሐይ የምትወደደው ግን በተራዋ ነው። ተራዋን ስትስት ምን እንደሚሆን በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ አይቷል፤ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ መላው ዓለም አይቷል። መፈክሩ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ አልፎ፣ መንግሥት ሲለወጥም ሳይለወጥ ኖሯል። አንድ መስመር በአገሩ ላይ የወረደውን ነገር ሰምቶ እንዳልሰማ ማለፍ ከቻለ፣ ያ መስመር ችግር አለበት ብንል ተሳሳትን?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ትዝ አለን። ይኸው መፈክር በአማርኛ ሲነገር የሰማነው «የአሥራ ሦስት ወር ጸጋ» ተብሎ ነው። ልብ በሉ፤ ለፈረንጁ ፀሐይ፣ ለእኛ ጸጋ! ወደ አማርኛ የመለሰው ሰው ማንም ይሁን ማን፣ እንደ ሲሬው አዛውንት ያለ ሰው እንደሚሰማው ያወቀ ይመስለናል። ጸጋ ሲባል ዝናቡም ይገባበታል፣ ፀሐዩም ይገባበታል፣ እህሉም ይገባበታል። በእኛ እምነት የአማርኛው መስመር ከዋናው የበለጠ ነው። ትርጉም ከዋናው ሲበልጥ ብዙ ጊዜ አናይም። ነገር ግን ለእንግዳው አንድ፣ ለቤተሰቡ ሌላ የሚናገር ጽሑፍ የልቡን ለማን ነገረ? ፖስተሩ ላይ የታተመው ፀሐዩ ነው፤ ሆቴሉ የተሠራውም በፀሐዩ መሠረት ነው።

መቼም ውኃ ዳር ሄዶ ማረፍ ከባሕር ማዶ የመጣብን ነገር አይደለም። ዋና ከተማችን ራሷ የተወለደችው እንዲህ ነው። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍልውኃው አጠገብ ቤት አሠሩ፤ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። ከእሳቸው በፊት እዚያ ይኖሩ የነበሩት ኦሮሞዎች ግን ቦታውን ፊንፊኔ ብለው ይጠሩት ነበር፤ ይህም ስም ከሚፈልቀው ውኃ ጋር ተያይዞ ይነገራል። የባለቤቱ ስም ውኃውን ይጠራል፣ የእንግዳው ስም እንግዳው ያየውን ውበት ይጠራል። የመዝናኛ ቦታ ታሪክ በሁለት ስም የሚጻፍ ታሪክ ነው፤ ሁለተኛው ስም ሲጻፍ የመጀመሪያው እንዳይፋቅ መጠበቅ የጸሐፊ ሥራ ነው።

ወደ እኛም አገር ብንመጣ ያው ነው። ከሲሬ ወርደን አዋሽ ዳር ሶደሬ አለ። ወገቡንና ጉልበቱን የሚያመው ሰው ፍልውኃውን ለፈውስ ብሎ ሲሄድበት ኖሯል፤ የከተማው ሰው ደግሞ ቅዳሜና እሑድን ሊዋኝና ሊዝናና ሲወርድበት ኖሯል። አንዱ ውኃ፣ ሁለት ጉዳይ። ምጽዋን የመሰለ የባሕር ዳርቻ ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ አገር ስትሆን ከእኛ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ «ባሕር» የምንለው ሐይቁን ነው፤ ላንጋኖን፣ ሐዋሳን፣ ቢሾፍቱን። ፖስተሩ ላይ ያለው ጃንጥላም እዚያው ተተከለ።

አሁን ሂሱን ወደ ራሳችን እናዙር። የሰውን መስመር ስንነቅፍ የራሳችንን መደበቅ ግብዝነት ነው። የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሳለን ከክፍል ጓደኞቻችን ጋር ገንዘብ አዋጥተን ላንጋኖ ሽርሽር ወርደን ነበር። ስንመለስ ግጥም ጻፍን። በግጥማችን ውስጥ ሐይቁ «ሰማያዊ» ነው። ላንጋኖን ያየ ሰው ይፍረደን! የላንጋኖ ውኃ ቡናማ ነው፤ በውስጡ የተንሳፈፈ ደቃቅ አፈር ነው ቀለሙን የሰጠው። ዓይናችን ቡናማ እያየ እጃችን ሰማያዊ ጻፈ። ያንን ሰማያዊ ከየት አመጣነው? ከፖስተር፣ ከፊልም፣ ከፎቶ ቤት መጋረጃ ላይ ከተሳለው ባሕርና ዘንባባ። የሄድነው ላንጋኖ ነው፣ የጻፍነው ግን ስፔንን ነው።

ከቀለሙ የባሰም አለ። ያደርንበት ቦታ አንሶላ አጥባ ገመድ ላይ የምታሰጣ ልጅ «እናንተ የሲሬ ልጆች አይደላችሁም እንዴ?» ብላ ጠራችን። ሲሬ አብራን የተማረች ልጅ ናት። ከእኛ ይልቅ አማርኛ ድርሰት ትችል የነበረች ልጅ! ሰላም አልናት፣ ስለ ቤተሰብ ተጠያየቅን፤ ጓደኞቻችን ሲጠሩን ደግሞ ቸኩለን ሄድን። በግጥማችን ውስጥ ፀሐይ አለች፣ ማዕበል አለ፣ ዓይኗ የሚያበራ ቆንጆ አለች። ያቺ ልጅ ግን የለችም። ለምን ተውናት? ሽርሽራችንን ታበላሽብን ስለነበረ ነው። ሌላ ምክንያት ብንፈልግም አላገኘንም። መፈክሩ ገበሬውን እንዳላየው ሁሉ እኛም እሷን አላየናትም፤ ልዩነቱ መፈክሩ አያውቃትም፣ እኛ ግን እናውቃታለን።

«ታዲያ ምን ይጠበስ? አንድ ግጥም አንዲት ልጅ ቢተው ምን ይመጣል?» የሚለን ሊኖር ይችላል። የሚመጣውን በዘመናችን አየነው። በመስከረም 2009 ዓ.ም.፣ ቢሾፍቱ ላይ በኢሬቻ ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ በነበሩት ቀናት፣ ላንጋኖ ዳር የነበረው የቢሻንጋሪ ሎጅ ተቃጠለ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ደግሞ የአሰላው ልጅ የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሆቴሎች ሻሸመኔና ባቱ ላይ ጉዳት ደረሰባቸው። እዚህ ላይ በግልጽ እንናገር፤ ማቃጠል ሂስ አይደለም። እሳቱ በመጀመሪያ እንጀራውን ያሳጣው አንሶላ የሚያጥበውንና ሻይ የሚያቀርበውን የአካባቢውን ሰው ነው። የእሳቱ መንስኤ ብዙ ነው፤ በአንድ ግጥም አይለካም። ነገር ግን በአጥሩ ውስጥና በአጥሩ ውጭ ያለው ሰው ለዓመታት ሳይተያይ መኖሩን አስቀድሞ ማየት የሚችለው ሥነ ጽሑፍ ነበር። እኛ ጸሐፊ ነን የምንል ሰማያዊ እየቀባን ነበር።

ስፔንም ዛሬ ጥያቄው ደርሶባታል። በ2024 እ.ኤ.አ. ወደ 94 ሚሊዮን የሚጠጋ የውጭ እንግዳ ገብቶባታል። በዚያው ዓመት በባርሴሎና፣ በማዮርካና በካናሪ ደሴቶች ነዋሪው የቤት ኪራይ አልቻልነውም ብሎ ሰልፍ ወጣ፤ ባርሴሎና ላይ እንግዶቹን በመጫወቻ የውኃ ሽጉጥ የረጩም ነበሩ። ነገሩ ያስቃል፤ ቁም ነገሩ ግን ያው ነው፤ በፖስተሩ ላይ ያልነበረው ሰው «እኔም አለሁ» እያለ ነው።

ማስታወቂያ ሊሸጥ እንጂ እውነት ሊናገር አልተፈጠረም የሚል ክርክርም እናውቃለን። ቱሪዝም እንጀራ ነው፤ አንክድም። የላንጋኖዋ ጓደኛችንም ደመወዟን የምታገኘው ከዚያው ነው። እኛ የምንለው እንግዳ አይምጣ አይደለም፤ እንግዳ ሲጠራ ባለቤቱ ከቤቱ ይውጣ አይባልም ነው። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መፈክሩ ተለውጦ «ምድረ ቀደምት» ሆኗል። ፀሐዩን መተዉ ደግ ነው። ነገር ግን «ቀደምት» ስንል ሉሲንና ጥንት ያለፉትን እናስባለን፤ ያለው ትውልድ፣ አሁን ሲሬ ላይ ዝናብ የሚጠብቀው ሰው፣ አሁንም ተራው አልደረሰም።

እኛ አዲስ መፈክር አናቀርብም፤ ሥራችን አይደለም። ለዚህ መጽሔት ለሚጽፉ ጓደኞቻችን ግን አንድ ጥያቄ አለን። የዕረፍት ጊዜ ድርሰት ስትልኩልን የውኃውን ትክክለኛ ቀለም ጻፉ፤ ሻዩን ያቀረበላችሁን ሰው ስም ጠይቃችሁ ጻፉ፤ ዝናብ ከዘነበም ዘነበ በሉ። ያንን የላንጋኖ ግጥማችንን እኛ ከማኅደራችን አውጥተነዋል። በሚቀጥለው ዕረፍት ልጅቷ ፈቃዷ ከሆነ የምትለውን ሰምተን እንደገና እንጽፈዋለን።

የሲሬው አዛውንት ዝናቡ ሲያባራ ተነሥተው ሄዱ። ፖስተሩ እስካሁን እዚያው ግድግዳ ላይ አለ። ጥያቄያቸውም እንዲሁ መልስ ሳያገኝ አለ። በዚህ ጽሑፍ የማይስማማ ይጻፍልን፤ ገጹ ክፍት ነው።