ትንቢትና ፍጻሜ፦ የትኛው ቀደመ?

የመሲሑ ትንቢቶች በስብከትም ሆነ በሃይማኖት ክርክር አብዛኛውን ጊዜ በሠንጠረዥ ይቀርባሉ፤ በአንድ ረድፍ የነቢዩ ቃል፣ በሌላው የወንጌሉ ታሪክ። አቀራረቡ ደቀ መዛሙርት ትንቢቱን አስቀድመው አውቀው፣ ፍጻሜውን እየጠበቁ፣ ሲደርስ ምልክት ያደረጉበት ያስመስላል። የአዲስ ኪዳን ምስክርነት ግን ተቃራኒውን መንገድ ያሳያል፤ መጀመሪያ የደረሰባቸው ነገር ነበር፤ መጽሐፉን እንደ አዲስ የገለጡት ከዚያ ወዲህ ነው።

ለዚህ ሆሴዕ 11፥1ን የሚያህል ማስረጃ የለም። እግዚአብሔር ልጁን ከግብፅ እንደጠራ የሚናገረው ይህ ቃል ያለፈውን የእስራኤል መውጣት ያስታውሳል፤ ቀጣዩ ቁጥር ደግሞ ሕዝቡ ለበኣሊም መሠዋቱን ይወቅሳል። ኃጢአተኛው ልጅ መሲሑ ነው የሚል አንባቢ የለም። ማቴዎስ ግን ቃሉን ለሕፃኑ ኢየሱስ ስደት ጠቀሰው (2፥15)። ቀጣዩን ቁጥር ስቶት ነው ማለት ያስቸግራል፤ የእስራኤል ታሪክ በአንድ ሰው ሕይወት ሲደገም አይቷል ማለት ይሻላል። መከራ ስለሚቀበለው አገልጋይ የሚናገረው ኢሳይያስ 53ም ቢሆን ትርጉሙ ተወስኖ የቆየ ምዕራፍ አልነበረም። በ3ኛው መቶ ዘመን የክርስትና ሊቁ ኦሪገን የተከራከራቸው አይሁድ አገልጋዩ የተበተነው ሕዝብ ነው ብለውታል፤ አይሁዳዊው የመጽሐፍ ተርጓሚ ራሺም በ11ኛው መቶ ዘመን እንዲሁ ተርጉሞታል። አነጋገራቸው መሠረት አለው፤ ኢሳይያስ ራሱ በ41፥8 እስራኤልን አገልጋይ ይላል። ታርጉም የተባለው የአይሁድ የአረማይክ ትርጉም አገልጋዩን መሲሕ ካለ በኋላ መከራውን ወደ ሌሎች ያዞረዋል። በሐዋርያት ሥራ 8 ይህንኑ ምዕራፍ ያነብ የነበረው ጃንደረባ ነቢዩ የሚናገረው ስለ ራሱ ነው ወይስ ስለ ሌላ ብሎ ፊልጶስን ሲጠይቅ፣ በጊዜው በእርግጥ ክፍት የነበረ ጥያቄ ነው የጠየቀው።

እንዲህ ከሆነ ወንጌላውያን ታሪኩን ከትንቢቱ ፈጥረው ጻፉ የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ፈጽሞ መሠረት የለውም አልልም፤ ማቴዎስ 21 ላይ አህያይቱም ውርንጭላይቱም መገኘታቸው የዘካርያስ 9፥9 ቃል በአተራረኩ ላይ ጫና እንዳሳደረ ያሳያል። ናዝሬት ግን ለዚህ ተቃውሞ አትመችም። በብሉይ ኪዳን ስሟ አንድም ቦታ የለም፤ በዮሐንስ 7 ሰዎች መሲሕ ከገሊላ አይወጣም ብለው የሚከራከሩትም መጽሐፉ ከቤተ ልሔም ይመጣል ስለሚል ነው። ታሪክ ፈጣሪ ከሚክያስ ቤተ ልሔምን ወስዶ በዚያው ያበቃ ነበር። ማቴዎስ በ2፥23 በብሉይ ኪዳን የማይገኝ ጥቅስ እስኪጠቅስ ድረስ መቸገሩ፣ ናዝሬት ከጽሑፍ ሳትሆን ከትዝታ እንደመጣች ይመሰክራል።

ከምእመናን በኩል ደግሞ ይህ አነባበብ ትንቢትን ያኮስሳል የሚል ቅሬታ ይመጣል። ቅሬታው መቅረብ ያለበት ለወንጌላውያኑ ነው። ዮሐንስ 12፥16 ደቀ መዛሙርቱ ነገሩን በጊዜው እንዳላስተዋሉ በግልጽ ይናገራል፤ ሉቃስ 24ም መጻሕፍት የተተረጎሙላቸው ከትንሣኤ በኋላ ነው ይላል። ከ1947 ጀምሮ በቁምራን የተገኙት ጥቅሎች፣ በተለይ ከክርስቶስ ልደት በፊት የተገለበጠው ታላቁ የኢሳይያስ ጥቅል፣ ጽሑፉ ቀዳሚ መሆኑን አረጋግጠዋል፤ የትርጉሙን ክርክር ግን አልዘጉትም። የትንቢት ሠንጠረዥ የሚያዘጋጁ ሰዎችም ቢያንስ ሆሴዕ 11ን ሲያትሙ ቁጥር 2ን አይቁረጡት።